ጥለቱ የት ገባ?

ሽሮ ሜዳ ላይ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ያለው ሱቅ ሁሉ ነጭ በነጭ ነው። ቀሚሱ በር ላይ ተሰቅሏል፤ ነጠላና ጋቢው መደርደሪያ ላይ ተደራርቧል፤ ከእንጦጦ የሚወርደው ነፋስ በመጣ ቁጥር የተሰቀለው ሁሉ አንድ ላይ ይወዛወዛል። ባለፈው ሰሞን እዚያ የተመላለስኩት ለራሴ ጉዳይ አልነበረም። እህቴ የምትኖረው አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ልጇን ልትድር ነው፤ ለመልሱ የምትለብሰው ቀሚስ ጥለቱ የእማዬን ቀሚስ ጥለት እንዲመስል ፈለገች። ያ ቀሚስ እኔ ዘንድ ነው ያለው። ከሻንጣ አውጥቼ በነጠላ ጠቅልዬ ለሸማኔው ወሰድኩላቸው።

ሸማኔው በልጅነታቸው ከዶርዜ የመጡ፣ አሁን ጸጉራቸው የሸበተ ሰው ናቸው። ጥለቱን ወደ በሩ ብርሃን አውጥተው በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። «ይሄ የድሮ እጅ ነው» አሉኝ። ከዚያ መነጽራቸውን አስተካክለው መቁጠር ጀመሩ፤ ሁለት ቀይ፣ አንድ አረንጓዴ፣ ሁለት ቀይ፣ በመሀሉ እንደ ጸጉር የቀጠነች ወርቃማ ክር።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ስመለስ ጥለቱ ስንዝር ተኩል ደርሶ ነበር። ስልኬን አወጣሁና ከዳር እስከ ዳር እየሄድኩበት በቪዲዮ ቀረጽኩት፤ ወዲያው ለእህቴ ላክሁላት። ያዘዝኩትን ሻይ ሳልጨርስ ደወለች።

«ወንድምዬ፣ ይሄ የእማዬ አይደለም።»

«እንዴት አይደለም?»

«ቡናማ ነው እኮ! የእማዬ ቀይና አረንጓዴ ነው። የእማዬ ጥለት እኔን ይጠፋኛል?»

ሸማውን አየሁት፤ ቀዩ ቀይ ነው፣ አረንጓዴውም አረንጓዴ ነው። ስልኩን አየሁት። ራሴ የቀረጽኩት ላይ ቀለሙ ትንሽ ደብዝዟል። የተላከው ላይ ግን ቀይም አረንጓዴም የለም፤ የደረቀ የቡና ገለባ የሚመስል አንድ መስመር ነጩ ላይ ተጋድሟል። ወርቃማዋ ክር ጭራሽ የለችም።

ሥራዬ ቪዲዮ ኤዲቲንግ ነው። ቀለም በምን ምክንያት እንደሚጠፋ አውቃለሁ፤ ለስንቱ ደንበኛ አስረድቻለሁ። በእማዬ ጥለት ሲመጣ ግን ነገሩን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ያህል ሆነብኝ፤ ማታ ቤቴ ገብቼም ስለሱ ማሰብ አልተውኩም።

ዓይናችን ብርሃንና ጥላን አጥርቶ ይለያል፤ ቀለምን ግን በደፈናው ነው የሚያየው። የቴሌቪዥን ሰዎች ይህን ቀደም ብለው ደርሰውበታል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1953 የቀለም ቴሌቪዥን አሠራሯን ስታጸድቅ ጥቁርና ነጩን ምስል በሙሉ ስፋቱ ትታ ቀለሙን በጠባብ መንገድ ነበር ያሳለፈችው። (ከዚህ በታች ያሉትን ዓመቶችም የምጠራው በእነሱ አቆጣጠር ነው።) የዲጂታሉ ዘመን ይህንኑ ወረሰ። በስልካችን፣ በዲሻችን፣ በዩቲዩብ የሚመጣልን ቪዲዮ ከሞላ ጎደል ሁሉም እንዲህ ነው፦ ለእያንዳንዷ ነጥብ፣ ባለሙያዎቹ ፒክስል ለሚሏት፣ የብርሃኗ መጠን ለብቻ ይመዘገባል፤ ቀለሙ ግን ለአራት ነጥቦች በጋራ አንድ ነው። ሁለት ከላይ፣ ሁለት ከታች ያሉ ጎረቤታሞች አንድ ቀለም ይካፈላሉ። ሌላው ጭመቃ ገና ሳይጀመር በዚህ ብቻ የቪዲዮው ክብደት በግማሽ ይቀንሳል። ፊት ሲሆን፣ ሰማይ ሲሆን፣ ግድግዳ ሲሆን ማንም ልብ አይለውም። ቀይ ክርና አረንጓዴ ክር ጎን ለጎን ሆነው የእያንዳንዳቸው ስፋት አንድ ነጥብ ብቻ ሲሆን ግን አራቱ ጎረቤታሞች ቀይም አረንጓዴም መሆን አይችሉም። ተስማምተው ቡናማ ይሆናሉ።

በማግስቱ ይህን ለሸማኔው ላስረዳቸው ሞከርኩ። እሳቸው መወርወሪያውን ሳያቆሙ ሰሙኝና «ነጩን ሜዳ እኔም ቶሎ ቶሎ ነው የምሄድበት» አሉ። «እጄ ያውቀዋል፤ ድሩ ውስጥ ማጉን ወርውር፣ ምታ፣ ወርውር፣ ምታ ነው። ጥለቱ ላይ ስደርስ ግን እያንዳንዷን ክር ቆጥሬ ነው የማነሳት። ቀኑን የሚበላው ጥለቱ ነው።»

የተናገሩት እሳቸው ሳያውቁት የእኔኑ ሙያ ነበር። ቪዲዮ የሚጨምቀው ፕሮግራም፣ ኢንኮደር የሚባለው፣ ምስሉን በሳጥን በሳጥን ይከፋፍለዋል። ሜዳ ለሆነው ቦታ ትልቅ ሳጥን ይመድብና «ይሄ ሁሉ ነጭ ነው» ብሎ በአንድ ቃል ያልፈዋል፤ ዝርዝር ያለበትን ደግሞ ወደ ትንንሽ ሳጥን ይሰነጥቀዋል። በ2003 በወጣው፣ ኤች 264 በተባለው የቪዲዮ ደረጃ፣ ትልቁ ሳጥን 16 በ16 ነጥብ ነበር። በ2013 የመጣው ኤች 265 ወደ 64 በ64 አሳደገው፤ የ2020ው ኤች 266 ደግሞ 128 በ128 አደረሰው። የጭመቃው መሻሻል አንዱ ምስጢር እዚህ ላይ ነው። ሜዳውን በሰፊው እየሄዱ ጊዜንና ቢትን፣ የመረጃውን ቅንጣት፣ ለጥለቱ ማስቀረት ማለት ነው። ልዩነቱ፣ ሸማኔው ከሁሉ በላይ የሚደክሙበት ቀጭን ቀለም ለማሽኑ ከሁሉ ቀድሞ የሚጣል መሆኑ ነው። ይህ አሳዘነኝ፤ አሁንም ያሳዝነኛል።

መጣሉ ለምን አስፈለገ የሚል ሰው ቁጥሩን ያስላ። ፉል ኤችዲ የምንለው ምስል በአግድም 1920፣ በቁም 1080 ነጥብ አለው፤ ሲባዛ 2,073,600 ይሆናል። እያንዳንዷ ነጥብ ሦስት ባይት ትፈልጋለች እንበል። አንዱ ፍሬም ብቻ ከ6 ሜጋባይት በላይ ነው። በሴኮንድ 25 ፍሬም ስለሚያልፍ ሴኮንዷ 155 ሜጋባይት ትበላለች፤ ሰዓቱ 560 ጊጋባይት ገደማ ይወስዳል። 4.7 ጊጋባይት የሚይዝ ዲቪዲ ሳይጨመቅ የሚችለው የ30 ሴኮንድ ምስል ብቻ ነው። ሙሽሪት ከመኪና ሳትወርድ ዲስኩ ያልቃል። ይህን ምስል በሴኮንድ 5 ሜጋቢት (ሜጋባይት አይደለም) በሚያልፍበት መስመር የምናየው ከ250 እጅ አንዱ ብቻ ተልኮልን ነው። የቀረውን 249 እጅ የእኛው ስልክ ነው የሚሞላው።

ስልኩ በምን ይሞላዋል? አብዛኛውን በሚያስታውሰው። እህቴ ስትደውልልኝ ከጀርባዋ ያለው የኩሽናዋ ግድግዳ በየሴኮንዱ 25 ጊዜ እንደ አዲስ አይላክም። አንዴ ይላካል፤ ከዚያ በኋላ «ግድግዳው እንደነበረ ነው» ይባላል። ራሷን ዘወር ስታደርግ ደግሞ ራሷ እንደገና አይሳልም፤ «ቅድም ከነበረው ላይ ያንን ሳጥን አንሥተህ ይህን ያህል ነጥብ ወደ ቀኝ ውሰደው» የሚል አጭር ትእዛዝ ይመጣል። በእውነት አዲስ ሆኖ የሚላከው የከንፈሯ፣ የዓይኗ፣ የእጇ እንቅስቃሴ ከግምቱ የተለየበት ልክ ብቻ ነው። መስመሩ ሲቆራረጥ ይህ ቁልጭ ብሎ ይታያል። አዲሱ ምስል ሳይደርስ ትእዛዙ ብቻ ይደርስና የእሷ አፍ በማቀዝቀዣው በር ላይ ሲንቀሳቀስ አያለሁ። ጥቂት ቆይቶ ሙሉ ፍሬም ሲመጣ ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል። ዲሽ ላይ ቻናል ስንቀይር ለአፍታ ጥቁር ሆኖ የሚያስጠብቀንም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ሪሲቨሩ መነሻ የሚያደርገው ሙሉ ፍሬም እስኪደርሰው ይጠብቃል።

ለሚያውቅ ሰው ሁሉንም መንገር አያስፈልግም የሚለው ነገር ለእኛ ባዕድ አይደለም። አጎቴ ቤተልሔም ሄደው ድጓ ያስመሰከሩ መሪጌታ ነበሩ። ልጅ ሆኜ ድጓቸውን ስገልጥ ከቃሉ በላይ እንደ ጉንዳን የተደረደሩትን ደቃቅ ፊደሎች ማን ጨመራቸው ብዬ ጠየቅኋቸው። ምልክት ይባላሉ። እያንዳንዱ ምልክት ከአንድ የታወቀ የዜማ ሐረግ የተቆረጠ አንድ ወይም ሁለት ፊደል ነው። መሪጌታው ያችን ቁራጭ ሲያይ ሐረጉ ይመጣለታል፤ ሐረጉ ሲመጣ ዜማው ከነመወዛወዙ፣ ከነመጎተቱ ይመጣል። በትውፊት ሥራው በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ በ16ኛው መቶ ዓመት፣ የአዛዥ ጌራና የአዛዥ ራጉኤል ነው ይባላል። ብራና ውድ ነው፣ ቦታውም ጠባብ ነው። ሙሉ ዜማው እያንዳንዱ ቃል ላይ ቢጻፍ የትኛው ገጽ ይበቃዋል? ስለዚህ ምልክቱ መሪጌታውን «ከዚያ ቀድሞ ከተማርከው ውሰድ» ይለዋል። ኢንኮደሩ ለስልኬ የሚነግረው ይህንኑ ነው። ምልክቱን ያልተማረ ሰው ድጓውን ቢገልጥ ፊደሉን ያያል፤ ዜማው ግን አይመጣለትም። መነሻ ፍሬም ያልደረሰው ሪሲቨርም እንደዚያው ነው።

ነገሬን ትቼ ሩቅ ሄድኩ፤ ግን ከዚህ ሳልመለስ አንድ ሰው ላንሳ። ከዚህ ሁሉ ጀርባ ያለው ሒሳብ ኮሳይን ትራንስፎርም ይባላል። ያሰቡት ባንጋሎር፣ ሕንድ ተወልደው በአሜሪካ ካንሳስ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ናስር አሕመድ ናቸው። በ1972 ሐሳቡን ጽፈው ለአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን ለገንዘብ ድጋፍ አቀረቡ፤ አልተፈቀደላቸውም። ከገምጋሚዎቹ አንዱ ሐሳቡ ከመጠን ያለፈ ቀላል ነው የሚል አስተያየት መስጠቱን ኋላ ራሳቸው ጽፈውታል። እሳቸው ግን አልተዉትም። ገንዘብ ሳይኖራቸው ሠሩበትና ከናታራጃንና ከራኦ ጋር በጥር 1974 አሳተሙት። ዛሬ በዓለም ላይ ያለ ፎቶና ቪዲዮ አብዛኛው በዚህ ሒሳብ ወይም ከሱ በተወለደ መንገድ ያልፋል። ይህን ታሪክ ባስታወስኩ ቁጥር ስንት «ቀላል ነው» ተብሎ የተመለሰ ሐሳብ በየመሳቢያው እንዳለ አስባለሁ።

ሒሳቡ የሚሠራው እንዲህ ነው። ስምንት በስምንት የሆነች፣ 64 ነጥብ ያላት ሳጥን አለች እንበል። እያንዳንዷን ነጥብ ከመዘርዘር ይልቅ ሳጥኗን በማዕበል ትገልጻታለህ፤ ዝግ ያለው ሰፊ ማዕበል ምን ያህል አለባት፣ መካከለኛው ምን ያህል፣ ቶሎ ቶሎ የሚመላለሰው ደቃቁ ምን ያህል? ጉንጭና ሰማይ ከሞላ ጎደል ሰፊ ማዕበል ብቻ ናቸው፤ ሦስት አራት ቁጥር ይበቃቸዋል። ከዚያ በኋላ ቆራጩ እርምጃ ይመጣል። ደቃቆቹ ማዕበሎች በትልቅ ቁጥር ይካፈሉና ትንንሾቹ ዜሮ ይሆናሉ። ተመልሰው አይመጡም። ከጭመቃው ደረጃዎች ውስጥ ሆን ተብሎ የሚያጠፋው ዋናው ይህ ነው፤ ማሽኑ ዓይን አይናፍቀውም ብሎ የፈረደበትን ያጠፋል። የነጠላ ሽመና ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ ደቃቅ ማዕበል ነው። ድርና ማጉ ሲቆላለፉ የሚሠሩት ያ ለስላሳ ሻካራነት መጀመሪያ ይሄዳል። ለዚህ ነው ቪዲዮ ላይ ነጠላ የለበሰች እናት ነጭ ላስቲክ የተከናነበች የምትመስለው።

የጥምቀት ዕለት ጃንሜዳን በቀጥታ ስርጭት ስታዩ ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ታቦታቱ ቆመው፣ ካህናቱ ቆመው፣ ጥላው ሁሉ ከነወርቀ ዘቦው ጥርት ብሎ ይታያል። ጸበሉ ሕዝቡ ላይ መረጨት ሲጀምር ግን ምስሉ በአንዴ ይፈርሳል፤ ሰው ሁሉ የሳጥን ክምር ይሆናል። ካሜራው አልተበላሸም። ግድግዳ ትናንት አለው፣ ፊት ትናንት አለው፤ በአየር ላይ የተበተነ የውሃ ጠብታ ግን ከአንድ ፍሬም በፊት እዚያ አልነበረም፣ ከአንድ ፍሬም በኋላም አይገኝም። ከየት ተነሥቶ የት ደረሰ ተብሎ አይነገርለትም። እያንዳንዷ ጠብታ አዲስ ናት፤ ለአዲስ ነገር ሁሉ ቢት ያስፈልጋል፤ ለቻናሉ የተመደበለት ቢት ደግሞ የተወሰነ ነው። በሺህ የሚቆጠር ሰው እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ በደስታ በሚጮኽበት በዚያች ቅጽበት ምስሉ ከሁሉ ቀጥኖ ይደርሰናል። ሠርግ ላይም አበባ ሲበተን እንዲሁ ነው፤ ኤዲት ሳደርግ እዚያች ቦታ ላይ ሁልጊዜ ቢት እጨምራለሁ።

ቪዲዮ ሲፈርስ የሚታየው መልክ ራሱ ተለውጧል። በቪሲዲ ዘመን አንድ ፊልም በሁለት ሲዲ ነበር የሚመጣው፤ አንዱ ሲዲ 74 ደቂቃ ገደማ ብቻ ስለሚይዝ መሀል ላይ ተነሥቶ መቀየር ግድ ነበር። ያኔ ምስል ሲፈርስ በአራት ማዕዘን በአራት ማዕዘን ይሰነጣጠቅ ነበር። ኤች 264 በሳጥኖቹ ድንበር ላይ እየሄደ የሚያለሰልስ ማጣሪያ በውስጡ አስገባ፤ ከዚያ ወዲህ ምስል ሲፈርስ እንደ ሰም ይቀልጣል። እኔ ሳጥኑ ይሻለኛል። ሳጥን ሲታይ አንድ ነገር እንደጎደለ ይታወቃል። ሰም የሆነ ፊት ግን ያ ሰው ቀድሞውንም እንዲያ ለስላሳ የነበረ ያስመስላል፤ የእናት ግንባር ላይ ያለውን መስመር ወስዶ አለመኖሩን እንኳ አይናገርም።

ከሙያው ሁሉ አጥብቄ የምወደውን አንድ ነገር ልንገራችሁ። እነዚህ ዓለም አቀፍ ደረጃዎች ሕግ የሚያወጡት ለጨማቂው አይደለም፤ ለአንባቢው ነው። ሪሲቨሩ የመጣለትን እንዴት እንደሚፈታ በጥንቃቄ ይደነግጋሉ፤ ኢንኮደሩ እንዴት እንደሚመርጥ፣ የትኛውን ሳጥን እንደሚሰነጥቅ፣ የት ቢት እንደሚቆጥብ ግን ለሠሪው ጥበብ ይተዋሉ። ሪሲቨሩ ሊያነበው የሚችል ነገር እስከጻፈ ድረስ ነጻ ነው። ስለዚህ እቤታችሁ ያለው አሮጌ ሪሲቨር ሳይነካ ምስሉ ከዓመት ዓመት ሊያምር ይችላል፤ ማዶ ያለው ጸሐፊ ተምሯልና። ፊደሉ አንድ ሆኖ ደብዳቤው በጸሐፊው ልክ እንደሚለያይ ማለት ነው። አዲስ ደረጃ ሲመጣ ግን ፊደሉ ራሱ ይቀየራል። ያኔ የዲሽ ሠራተኛው ጣራ ላይ ወጥቶ፣ ወርዶ፣ አቧራውን ከእጁ እያራገፈ «ዲሹ ደህና ነው፤ ሪሲቨሩ ነው ኤምፔግ ፎር የማያነበው» ይላል፤ እኛም አዲስ እንገዛለን።

ሩጫው ረጅም ነው። በ1988 ኦታዋ ላይ ኤምፔግ የተባለው ጉባኤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰበሰብ ምኞቱ ፊልም በሲዲ ላይ ማስገባት ነበር። ከዚያ ወዲህ በየዐሥር ዓመቱ ገደማ አዲስ ትውልድ ይመጣል፤ እያንዳንዱም የቀደመውን ጥራት በግማሽ ክብደት እሰጣለሁ ብሎ ይነሣል፤ ብዙውን ጊዜም ወደዚያ ይጠጋል። ዋጋው የኢንኮደሩ ድካም ነው። አንዷን ሳጥን ለመቁረጥ ይህን ልሞክር፣ ያን ልሞክር እያለ እልፍ ምርጫ ያገላብጣል። የፈቃድ ክፍያም አለበት። ኤች 265 ሲወጣ የፓተንት ባለቤቶቹ ብዙ ስለነበሩ ከአንድ በላይ በር ማንኳኳት ግድ ሆነ። ጉግል፣ ኔትፍሊክስ፣ አማዞን፣ ማይክሮሶፍትና ሌሎችም በ2015 ማኅበር አቁመው በ2018 ኤቪ 1 የተባለውን ያለ ሮያሊቲ ያወጡት ከዚያ በኋላ ነው።

ይህ ሁሉ የሀብታም አገር መሐንዲሶች ጨዋታ የሚመስለው ካለ ሜጋባይት ቆጥሮ የሚገዛን ሰው ይጠይቅ። ሪያድ ወይም ቤይሩት ሰው ቤት የምትሠራ ልጅ ያላት እናት በሳምንት የምታያት ፓኬጇ እስኪያልቅ ነው። ጭመቃው በግማሽ ቢሻሻል ለዚያች እናት ዐሥሩ ደቂቃ ሃያ ይሆናል። ለእኔ የዚህ ሥራ ክብሩ እዚህ ላይ ነው። ጥለቱ ስለጠፋብኝ ብቻ ሙያውን የማማ እንዳይመስላችሁ። መጨመቅ ባይኖር እህቴ ቡናማውንም አታየውም ነበር።

የሚያሳስበኝ ግን አለ። ኤቪ 1 የድሮ ፊልም ላይ ያለውን ደቃቅ ፍንጣቂ፣ ግሬይን የምንለውን፣ አጣርቶ ያወጣውና «መልኩ እንዲህ ነበር» የሚል አጭር መግለጫ ብቻ ይልካል፤ ተቀባዩ በመግለጫው መሠረት የራሱን ፍንጣቂ ይረጭበታል። ለዓይን ያው ነው፤ ግን የዚያ ፊልም አይደለም። ፍንጣቂ ነውና እቀበለዋለሁ። አሁን ደግሞ ከፊት ላይ ጥቂት ነጥቦችን ብቻ ልከው ፊቱን ወዲያ ማዶ እንደገና የሚስሉ አሠራሮች እየተሞከሩ ነው። ቢት ይቆጥባሉ፤ መቆጠቡን እረዳለሁ። ማሽኑ የማያውቀውን በሚመስለው ሲሞላ ግን ቡናማ እንኳ አይታይም፤ አንድ ያማረ፣ ቀይና አረንጓዴ የሆነ፣ የእማዬ ያልሆነ ጥለት ይታያል። እህቴም «አዎ፣ ይሄ ነው» ልትል ትችላለች። ከዚያ ቡናማው ይሻላል፤ ቡናማው ቢያንስ ጠርጥራ እንድትደውል አድርጓታል።

እዚያው ሽሮ ሜዳ በሦስተኛው ቀን ተመለስኩ። ሸማኔው እንዳዩኝ «እህትህ እሺ አለች?» አሉኝ። «አሁን ትላለች፣ ጋሼ» አልኳቸው።

የመጀመሪያ ቀን ያጠፋሁት ገብቶኝ ነበር። ከሩቅ፣ ስልኩን እያንቀሳቀስኩ ነው የቀረጽኩት፤ ያም ማለት እያንዳንዷን ክር ከአንድ ነጥብ አሳንሼ፣ ኢንኮደሩንም ባለች ቢት እንቅስቃሴዬን እንዲከተል አስገድጄው ነበር። አሁን በሩ አጠገብ፣ ብርሃኑ በሚገባበት በኩል፣ ሦስት የታጠፈ ጋቢ ደራርቤ ስልኩን በላዩ አስደገፍኩት። ጥለቱን እንደተወጠረ ተውነው፤ መቀመጫውን እኔ አስጠጋሁ። ካሜራው ከሸማው አንድ ስንዝር ይርቃል። እኔ ጋ ዐሥር ሰዓት ነው፣ እሷ ጋ ገና ጧት። በቪዲዮ ደወልኩላት።

መጀመሪያ የደረሳት ያው ጭጋግ ነበር። «ቡናማ ነው» አለች። «ጠብቂ» አልኳት። ሸማኔው እግራቸውን ከመርገጫው ላይ አነሡ። እኔ እጄን ወደ ኋላ አደረግሁ። ምንም የሚንቀሳቀስ ነገር ሲያጣ ኢንኮደሩ «እንደነበረ ነው፣ እንደነበረ ነው» እያለ የሚተርፈውን ቢት ዝርዝሩ ላይ ያውለዋል፤ ያለፈውን ፍሬም ሳይጥል በላዩ ላይ ትንሽ ትንሽ ይጨምርበታል። ከበሩ ውጭ አንዲት ሻጭ ደንበኛ ትጠራለች። አንድ ሴኮንድ፣ ሁለት ሴኮንድ። በስልኩ ጥግ ባለችው ትንሿ መስኮት ውስጥ የእህቴ ግንባር ወደ ስክሪኑ ሲጠጋ አየሁ።

«ቆይ» አለች። «ወንድምዬ፣ ቆይ፣ እንዳታነቃንቀው። ወርቃማዋ መጣች።»